የኪራይ ቤት ማድቤት እንዴት ይፍካ? የደሴና የኮምቦልቻ ተከራዮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ አምስት ኪራይ ቤት ቀያይሬያለሁ። ከሆጤ ሰፈር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአንዲት ሰርቪስ ክፍል እስከ ሙሉ ቤት። ማድቤቶቹ ግን አንድ ዓይነት ነበሩ ማለት ይቻላል። ግራጫ ግድግዳ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ጭስ ያጠቆረው ጣሪያ፣ ከሽቦ ጫፍ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል። ማድቤት ደግሞ ውለን የምናመሽበት ቦታ ነው። ሽንኩርቱ የሚቁላላው እዚያ ነው። ልጅ ደብተሩን ይዞ እናቱን ተከትሎ የሚገባውም እዚያ ነው። የሰው ቤት ስለሆነ ብቻ በጨለማ ማብሰል የለብንም። ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ የቆዩትን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ። ገንዘብ የማወጣው ስወጣ ይዤው በምወጣው ነገር ላይ ነው፤ መልሶቼም ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ማድቤቴ ጨለማ ነው። ከምን ልጀምር?

ምንም ሳትገዙ ከማጽዳት ጀምሩ። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ አዲስ ነገር ማየት ይፈልጋላ። ግን የአብዛኛው ማድቤት ችግር ብርሃኑ መበላቱ ነው። ነጭ ግድግዳ ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጨዋል። ጥላሸት ደግሞ ውጦ ያስቀረዋል። የዘይት ጭስ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ አቧራ እላዩ ላይ ያርፋል። እንዲህ እየተደራረበ ቀለሙ ምን እንደነበር እንኳ ይረሳል። ሁለተኛው ቤቴ ስገባ ግድግዳው ቡናማ መስሎኝ ነበር። ከምድጃው በላይ አንዲት መዳፍ የምታክል ቦታ ሳሽ ክሬም ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ሥራ አስፈቅጄ ሙሉውን አጠብኩት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመስኮቱን መስታወት በሁለቱም በኩል እጠቡ። ደሴ ላይ መስኮቷ ትንሽ ናት፤ በላይዋ ስብ ካለማ ምንም አታስገባም። ቀጥሎ የጣሪያውንና የግድግዳውን ጥላሸት በደረቅ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች አውርዱ። ደረቁ ሳይወርድ ውሃ ካስነካችሁት ይለቀለቅና ይብስበታል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በስፖንጅ እጠቡ፣ ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ስታጥቡ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ውሃ በደረቀው ግድግዳ ላይ እየተንጠባጠበ የማይለቅ መስመር ይተዋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ፈትሹ። እርጥብ ጨርቅ በአንድ ጥግ ላይ አሹበት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከመጣ ግድግዳው ኖራ ወይም ርካሽ ውሃ ቀለም ነው፤ ማሸት ያነሳዋል። እንዲህ ያለውን በደረቁ ብቻ አራግፉት። ዘይት ቀለም ከሆነ ያለ ስጋት ይታጠባል።

በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ማድቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለም።

አምፖሌ ኃይለኛ ነው፤ ማድቤቱ ግን ለምን ሆስፒታል ሆስፒታል ይመስላል?

የብርሃኑ ቀለም ነው ምክንያቱ። የኤልኢዲ አምፖል ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ዋቱ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ይነግራችኋል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ጋር የሚቀራረብ ብርሃን ይሰጣል። ሁለተኛው ቁጥር በኬልቪን የሚለካው የብርሃኑ ቀለም ነው። 6500 የሚል ካያችሁ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ከ2700 እስከ 3000 ያለው ቢጫማና ሞቅ ያለ ነው። 4000 በመካከል ነው።

በየሱቁ በብዛት የምናገኘው 6500ውን ነው። ለደሴ ብርድና ጉም አልወደውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከተማው ራሱ ግራጫ ነው። ፀሐይም ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ትገባለች። እላዩ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሲጨመር ወጡም ሰውም የደከመው ይመስላል። ባለ ሱቁን «ቢጫውን» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያመጣላችኋል። ሽንኩርት የምትከትፉበት ቦታ ላይ ጥርት ያለ ብርሃን ከፈለጋችሁ 4000 የሚለው ጥሩ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን ሆልደር እዩ። ጥምዝ አለ፣ ተጭኖ የሚዞር ባለ ሁለት እግርም አለ። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የአከራዩን አምፖል አትጣሉት። በካልሲ ጠቅልላችሁ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጡት፤ ስትወጡ ትመልሱታላችሁ።

አንድ አምፖል መሐል ጣሪያ ላይ ሲሆን ስትቆሙ ጥላችሁ መክተፊያው ላይ ያርፋል። ለዚህ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ግዙና ከመደርደሪያው ሥር አጣብቁት። መብራት ሲጠፋም ያገለግላችኋል። የኤሌክትሪክ መስመር ግን ራሳችሁ አትቀጥሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። በእኛ 220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ነው። ይህን ያህል በቀጭን ማራዘሚያ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር መሰካት ገመዱን ያቀልጠዋል።

አከራዬ ቀለም መቀባት አይፈቅዱም። ግድግዳውን በምን ላሳምረው?

በጨርቅ። መልሴ ሁሌም ይኸው ነው። አቡጀዲ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ይታጠባል። ግራጫው ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ወጥሩና ጨርቁን እንደ መጋረጃ ልቀቁት። አንድ ግድግዳ ብቻ ሲነጣ ክፍሉ በሙሉ ይቀየራል። ከታች ጥለት ብታስጨምሩበት ደግሞ የበዓል ልብስ የለበሰ ይመስላል። ልብስ ሰፊ ጋ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ምድጃው አጠገብ ግን አይሆንም፤ ከእሳቱ ቢያንስ ሁለት ክንድ ይራቅ።

ከምድጃው ጀርባ ለሚረጨው ዘይት ሙሻማ ይሻላል። የጠረጴዛውን ማለቴ ነው። አበባ ያለበት፣ ሎሚ ያለበት፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ በሜትር የሚቆረጥ። በቀጭን ጣውላ ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ ወጥራችሁ ግድግዳውን አስደግፉት። አይጣበቅም፣ ምስማርም አይመታበትም። በጨርቅ ይወለወላል። እሱንም ቢሆን ከነበልባሉ አርቁት፣ ፕላስቲክ ነውና።

ስቲከር ሦስተኛ ምርጫዬ ነው። አሁን እብነ በረድ የሚመስለው፣ ሸክላ የሚመስለው፣ የብር ፎይሉ ሁሉ በጥቅል ይሸጣል። ያምራል፤ አልክድም። ግን አንድ ጊዜ ተቃጥዬበታለሁ። ሦስተኛው ቤት ላይ ሙሉ ግድግዳ ለጠፍኩ። ስወጣ ስልጠው የግድግዳውን ቀለም ከነልስኑ ይዞት መጣ። አከራዩ ለማደሻ ብለው የአንድ ወር ኪራይ አስከፈሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ግድግዳቸው ተበላሽቷል። ገንዘቡ ግን አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ስቲከር የምለጥፈው ሴራሚክ ላይ፣ ፎርማይካ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ የብረት በር ላይ ነው። ለስላሳና ጠንካራ ነገር ላይ ማለት ነው። የቁም ሣጥን በር ላይ በተለይ ግሩም ነው።

የብር ፎይሉን ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ አርቁት። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

የለጠፍኩት ስቲከር ጉዳት ሳያደርስ እንዲለቅ ምን ላድርግ?

አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንፉበት። ማስቲሹ ይለሰልሳል። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ወደ ታች፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ በቀስታ ሳቡት። ማድረቂያ ከሌለ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ይዛችሁ ተጫኑት። ሴራሚክ ላይ የቀረ ማስቲሽ በምግብ ዘይት ታሽቶ ጥቂት ቆይቶ በሳሙና ይለቃል። ባልተቀባ ወይም በውሃ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ዘይት አታስነኩ፤ የማይወጣ እድፍ ይሆናል።

ቤቴ የጭቃ ነው። ለእኔ የሚሆን አለ?

አለ፣ አብሽሩ። እንዲያውም የጭቃ ቤት ማድቤት ከብሎኬቱ የበለጠ የሚያምርበት ጊዜ አለ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጥጎቹ ለስለስ ያሉ ናቸው። ስቲከርና ደብል ቴፕ ግን እርሱት። ልስኑ ይፈረፈራል፤ ማታ ለጥፋችሁት ጠዋት መሬት ላይ ታገኙታላችሁ።

ለጭቃ ቤት የሚስማማው ኖራ ነው። ኖራ ርካሽ ነው። ግድግዳውንም ያስተነፍሰዋል፤ ሻጋታም አይወደውም። አብዛኞቹ አከራዮች ነጭ ኖራ ለመቀባት «እምቢ» አይሉም፤ ቤታቸውን ማደስ ነውና። እትዬን ቡና ላይ አጫውታችሁ ጠይቋቸው። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ ይስማማሉ። ስትቀቡ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። ኖራ ቆዳ ያቃጥላል። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ቀጭን ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ይሻላል። ክረምት ላይ አትጀምሩ፤ አይደርቅላችሁም። መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ስትፈነዳ ነው ጊዜው።

ቀለም ቢፈቅዱልኝስ?

በቃል አይብቃችሁ። የትኛው ግድግዳ፣ ምን ቀለም፣ ወጪው የማን፣ ስትወጡ ወደ ቀድሞው ይመለስ አይመለስ፤ አራቱንም በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ራሱ በጽሑፍ እንዲሆን ይላል። የቀለሟን ወረቀት ከውሉ ጋር አያይዟት። ከመቀባታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ዘይት ቀለም ባለበት ግድግዳ ላይ ውሃ ቀለም በቀጥታ አይያዝም፤ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ቀለም ስትመርጡ ለደሴ ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ እመክራለሁ። ጥርት ያለ ነጭ በጉም ቀን ይበርዳል።

ምስማር ሳልመታ ዕቃ እንዴት ልስቀል?

ከላይ አንጠልጥሉ ወይም ከታች አስደግፉ። ብዙ ማድቤት ውስጥ የጣሪያው ወራጅ ይታያል። ከእሱ ላይ ወፍራም ገመድ አስራችሁ አንድ ዱላ አግድም አንጠልጥሉበት። በዱላው ላይ ጭልፋው፣ ማማሰያው፣ ወንፊቱ በ«ኤስ» ቅርጽ ማንጠልጠያ ይሰቀላል። ወራጅ ከሌለ የእንጨት መሰላል ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ባለሙያ በአንድ ቀን ይሠራዋል። እያንዳንዱ እርከን መደርደሪያ ይሆናል። በወጣችሁ ቀን በትከሻ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

ወለሉስ?

በሜትር የሚሸጠውን የወለል ፕላስቲክ ሳታጣብቁ ብቻ አንጥፉ። ፈዛዛ ቀለም ምረጡ። በየሁለት ሳምንቱ አንሱትና ሥሩን አድርቁት፤ ደሴ ላይ ካልተነሳ ይሸታል።

ማድቤቴ ንጹሕ ነው፣ ብሩህ ነው፤ ግን ነፍስ የለውም። ምን ልጨምር?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ወሎ ላይ ሆኖ ቀለም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስፌት አለ። ስንደዶና አክርማ ተለቅሞ፣ ቀለም ተነክሮ፣ አለላ ሆኖ የተሰፋ ሰፌድና ሙዳይ የትኛውንም የገበያ ጌጥ ያስንቃል። ቀዩ፣ ወይን ጠጁ፣ አረንጓዴው ነጭ አቡጀዲ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ይነቃል። ሰኞ ገበያ ስትወጡ ከገጠር ስፌት ይዘው የሚመጡ እናቶችን ፈልጉ። ስፌቱ ላይ የሚውለውን ጊዜ ያየ ሰው በዋጋ ብዙ አይከራከርም። ጠጋ ብላችሁ ስለ ሥራው ጠይቋቸው፣ ያስረዷችኋል።

ሦስት ወይም አምስት የተለያየ መጠን ያላቸውን አንድ ግድግዳ ላይ ሰብሰብ አድርጋችሁ ስቀሉ። ቀላል ስለሆኑ ክር ይበቃቸዋል። ትልቁን መሐል፣ ትንንሾቹን ዙሪያውን። ከእንፋሎት አርቁ፤ ስፌት እርጥበት ካገኘ ይሻግታል። ክረምት ላይ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥታችሁ አናፍሷቸው። ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ አለላው ይገረጣል።

ሌላው ጀበናና ሲኒ ነው። ለምን ካርቶን ውስጥ ይደበቃሉ? ረከቦቱን መስኮት ሥር አስቀምጡና ሲኒዎቹ ተደርድረውበት ይታዩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድ፣ ምስር በጥርት ያለ ብርጭቆ ዕቃ ሲቀመጡ ራሳቸው ጌጥ ናቸው። የቡና ወይም የማር ባዶ ብርጭቆ አጥቦ ማስቀመጥ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ግን ለበርበሬ አይሆንም፤ ቀለሙንም መዓዛውንም ይወስድበታል።

መስታወት ካላችሁ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አስደግፉት። የገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል ባይባልም ጨለማውን ጥግ ያነቃዋል።

መስኮቱ ላይ ምን ልትከል?

ደሴ ላይ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ብርዱን ይችሉታል። ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፤ ውሃ አታብዙባቸው። በሶብላ ብርድ ስለማይወድ ለኮምቦልቻ ሰው ይሻላል። ባዶ የዘይት ጀሪካን ወይም የወተት ቆርቆሮ ሥሩን በስታችሁ ተጠቀሙ። ጤና አዳም መስኮት ላይ ካለ ለቡናም እጃችሁ ሥር ነው።

ማድቤቱን ከሌሎች ተከራዮች ጋር እጋራለሁ። ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ?

ጎረቤቶቻችሁን ሳትይዙ ምንም አትጀምሩ። እኔ አራተኛው ቤት ላይ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አንድ ማድቤት ነበረን። ብቻዬን መጋረጃ ሰቀልኩና አንዷ «ለእኛ ሳትነግሪን?» ብላ ቅር አላት። ትክክል ነበረች። በሚቀጥለው እሑድ ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። አምፖሉን በጋራ ገዛን፤ አንዷ ሙሻማ አመጣች፤ አንዷ ጥላሸቱን አወረደች። ለየቤቱ የተለያየ ቀለም ያለው ፎጣ ሰቀልን፤ የማን ምን እንደሆነ ለመለየትም ረዳን። ቆጣሪ የጋራ ከሆነ ኤልኢዲ አምፖል ለሁሉም ይጠቅማል፤ ይህን ስትነግሯቸው ቶሎ ይስማማሉ።

ብርድ ስለሚገባ የጭስ መውጫውን በፕላስቲክ ብዘጋውስ? ግድግዳውም አይጠቁርም።

አትዝጉት። እባካችሁ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። በደሴ ብርድ ምድጃውን አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው፤ የሚያስፈራኝም ለዚሁ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ ፍሙ ቢገባም ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። መስኮት ወይም መውጫ ሁሌም ክፍት ይሁን። መጋረጃ ስትሰቅሉም መውጫውን እንዳይሸፍን ዝቅ አድርጉት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልዩነት አለው?

አለው። በሀረጎ ቁልቁል ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። እዚያ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀትና አቧራ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ገልብጡት። የግድግዳ ቀለም ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ፣ አምፖሉ 4000፣ መጋረጃው ሳሳ ያለና ነፋስ የሚያሳልፍ። ቆርቆሮው ሲግል ማድቤቱ ምጣድ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ነጭ ጨርቅ መጣል በጣም ይረዳል።

ስወጣ ምን ልውሰድ፣ ምን ልተው?

አምፖላችሁን አውርዳችሁ የአከራዩን መልሱ። ገመዱን ፍቱ፣ ጨርቁን አጥባችሁ እጠፉ፣ መሰላሉን ተሸከሙ። የቀባችሁት ኖራ ይቀራል፤ እሱ አይታዘንበትም። ከአምስተኛው ቤት ስወጣ ሁሉንም ጫንኩና የመስኮቱ መጋረጃ ብቻ ቀረ። ለዚያች ትንሽ መስኮት ተለክቶ የተሰፋ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይሆንም። አዲሷ ተከራይ ዕቃዋን እያስገባች ቀና ብላ አየችውና «ይህንንም ይወስዱታል?» አለችኝ። ተውኩላት።